መሐሉ ላይ ያለው ስድስት

(ወልድያ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ሥር፤ የወላጆች ቀን ነገ ነው። የግድግዳ ጽሑፍ ጸሐፊው ጋሽ ላቀው መሰላል ላይ፣ የሒሳብ መምህርቷ የትምወርቅ ከታች ወረቀት ይዛ።)

የትምወርቅ፦ ሰባቱን ያጥፉልኝ፣ ጋሽ ላቀው።

ላቀው፦ አላጠፋም። ደርቋል።

የትምወርቅ፦ እኔ የሰጠሁዎት ወረቀት ላይ ሰባት የሚባል የለም። አንድ፣ አሥራ ሦስት ዜሮ፣ ሦስት ስድስት፣ እንደገና አሥራ ሦስት ዜሮ፣ መጨረሻው አንድ።

ላቀው፦ ዜሮ አላጎደልኩም። እኔ መስመር የምሞላው ከሁለቱም ዳር ወደ መሐል ነው፣ እንዳይጣመም። ትናንት የግራውንም የቀኙንም ስድስት ጻፍኩ። ዛሬ መሐሉ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

የትምወርቅ፦ ለምን?

ላቀው፦ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት እኮ የአውሬው ቁጥር ነው፣ ልጄ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ። በልጆች ግድግዳ ላይ አልጽፍም።

የትምወርቅ፦ እና ሰባት ከተቱበት።

ላቀው፦ ሰባት ቡሩክ ነው። ከግራም ብታነቢው ከቀኝም ያው ነው፣ ውበቱ አልተነካም። ከሠላሳ አንድ አሃዝ አንዷ ብትቀየር ማን ያውቃል?

የትምወርቅ፦ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። እስቲ አሃዞቹን ይደምሯቸው።

ላቀው፦ አንድ... ዜሮው ይቅር... ስድስት፣ ሰባት፣ ስድስት፣ አንድ። ሃያ አንድ።

የትምወርቅ፦ ሃያ አንድ ለሦስት ይካፈላል። ድምሩ ለሦስት ከተካፈለ ሙሉ ቁጥሩም ይካፈላል። እርስዎ ደግሞ ከላዩ በትልቁ «ብቸኛ ቁጥር» ብለው ጽፈዋል። ብቸኛ ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ነው። ነገ ወላጅ በሞላበት አንዱ እጁን አውጥቶ ይህን ቢናገር ያቺ ልጅ መግቢያ ታጣለች።

ላቀው፦ የቷ ልጅ?

የትምወርቅ፦ ቁጥሩን መርጣ ያመጣችው። ነገ ቆማ የምታስረዳው እሷ ናት።

ላቀው፦ ይሄ ሁሉ ቁጥር እያለ ይሄን? እኔ አንቺን ብሆን «ወላጅ አምጪ» እላት ነበር።

የትምወርቅ፦ ይሏት ነበር?

ላቀው፦ እንዴታ። በእርግጥ በሰው ልጅ መፍረድ አይገባኝም፣ የኔዋም ልጅ ውዳሴ አሳስባኛለች። ደብተሯን ገለጥ ባደርገው ገጹ ሁሉ ዜሮ ነው። ልጠይቅሽ እያልኩ አፍሬ ተውኩት።

የትምወርቅ፦ ስንት ስንት ዜሮ?

ላቀው፦ እኔ እንጃ። በየመስመሩ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት... ምን ያስቅሻል?

የትምወርቅ፦ ወላጇን አምጥታለች። መሰላል ላይ ናቸው።

ላቀው፦ ውዳሴ?

የትምወርቅ፦ እንዳልነግርዎት አስምላኝ ነበር፣ ነገ ልታስደንቅዎት። ግድግዳውን አባቴ ይጻፈው ያለችውም እሷ ናት። እሷም እንደ እርስዎ ፈርታ መሐሉን ሰባት አድርጋው ነበር።

ላቀው፦ የኔ ልጅ።

የትምወርቅ፦ ለሦስት ሲካፈልባት አለቀሰች። ከዚያ ስድስቱን መለሰችና «አባዬ ይቆጣኛል፣ ግን ልኩ ይሄ ነው» አለችኝ።

ላቀው፦ እንዲህ አለች?

የትምወርቅ፦ ቃል በቃል።

ላቀው፦ የግራውንና የቀኙን ስድስት የጻፍኩት ትናንት ነው አይደል?

የትምወርቅ፦ ትናንት ነው።

ላቀው፦ እንግዲያው ሦስቱን ስድስት ባንድ ቀን አልጻፍኩም። መሰላሉን ደግፊልኝ።