ወይዘሮ ዴልፊያ ኮምብስ እና ያልሰጡት ተራ

ከሎረል ፎርክም ሆነ ከማዶው ሸለቆ ለቀብር የመጣችሁ ወገኖች ሆይ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ዴልፊያ ኮምብስ ዜና ሕይወታቸው ማር ሳይቀባ እንዲነበብ አደራ ብለው ስላረፉ፣ እንደ ኖሩት ሆኖ ይነበባል።

ወይዘሮ ዴልፊያ ከአባታቸው ከአቶ ሃርላን ስሎን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይሲ ፉጌት እ.ኤ.አ. በ1946 በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች፣ እዚሁ ሎረል ፎርክ ተወለዱ። አባታቸው ቀን ቀን የድንጋይ ከሰል ሲቆፍሩ ውለው ማታ በረንዳ ላይ ባንጆ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ዴልፊያ ገና ልጅ ሳሉ እናታቸው በወሊድ ስለ ሞቱ፣ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ ትምህርታቸውን ትተው በአራት ዓመት የሚያንሳቸውን ወንድማቸውን ኤስቲልን እናትም እኅትም ሆነው አሳደጉ።

ኤስቲል አንደበቱ የሚይዘው፣ ነገር ሁሉ ቀስ የሚልበት ልጅ ነበር። ባንጆውንም ከአባቱ የተማረው በዝግታ ነው፤ ነገር ግን ከእጁ የሚወጣው ድምፅ እያንዳንዱ ለብቻው የታጠበ ያህል የጠራ ነበር።

በዚያ ዘመን የመንደሩ ሙዚቀኞች ቅዳሜ ቅዳሜ በከብት መኖ መደብሩ ውስጥ ክብ ሠርተው ይቀመጡ ነበር። መሪው በአገጩ ወደ አንዱ ሲጠቁም ያ ሰው ዜማውን ብቻውን ይጫወታል፣ የቀሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያጅባሉ፣ ከዚያም ተራው ወደ ሌላው ያልፋል። መሪው በሸለቆው ውስጥ በቫዮሊን ፍጥነት አቻ ያልነበራቸው ወጣቱ አቶ አርቪል ጌይሃርት ነበሩ። ኤስቲል በዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ ከእኅቱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ክብ ገባ። አቶ አርቪልም ጠቆሙት፤ እርሱም እንደ ልማዱ በዝግታ ጀመረ። ገና ዜማው ሳይጋመስ አቶ አርቪል የቫዮሊናቸውን ቀስት ወደ ላይ አንሥተው ሁሉንም አስቆሙ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ አንተ እስክትጨርስ እኛ አርጅተን እንሞታለን። ይልቅ ሂድና በሩን ያዝልን፣ ብርድ እየገባ ነው» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኤስቲል ባንጆውን ሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ ሄደና፣ ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ እውነትም በሩን ይዞ ቆመ። ወደ ቤት ሲመለሱ ለእኅቱ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ዴልፊ፣ በ... በሩን ግን በደንብ ነው አይደል የያዝኩት?»

ከዚያ ወዲያ ሣጥኑን አልከፈተም። የአባቱን ሥራ ተከትሎ ከሰል ሊቆፍር ወረደ፤ በሃያ ሦስት ዓመቱም የጉድጓዱ ጣሪያ ተደርምሶበት ሞተ። ወይዘሮ ዴልፊያ ወንድማቸውን አቶ አርቪል ገደሉት ብለው አያውቁም። «የገደለው ጣሪያው ነው። ስድስት ዓመት ያለ ባንጆ ያኖረው ግን ጣሪያው አይደለም» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ዴልፊያ እ.ኤ.አ. በ1968 የከሰል መኪና ሾፌር ከነበሩት፣ ጊታር ከሚጫወቱት ከአቶ በርል ኮምብስ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ዜላንና ዶርሲን ወለዱ፤ በትምህርት ቤታችን ወጥ ቤትም ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። ባቄላቸውንና የበቆሎ ዳቦአቸውን ያልበላ ሰው በመካከላችን የለም።

ኤስቲል በተቀበረ በዓመቱ ሣጥኑን ከፍተው፣ ከዚያ በፊት ነክተውት የማያውቁትን ባንጆ ተማሩ። ወዲያውም በበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻችን አዳራሽ የማክሰኞውን ክብ ጀመሩ። ሕጉ አንድ ነበር፤ ማንኛውም ዜማ በመካከላቸው ካለው ከዘገምተኛው እጅ አይፈጥንም። በሩን ደግሞ ከወንዝ ያመጡት ድንጋይ እንዲይዘው አደረጉ። «እዚህ ቤት በር መያዝ የድንጋይ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ይህን ሁሉ ለሙዚቃ ፍቅር ያደረጉት የሚመስላቸው ብዙዎች ነበሩ። ባለቤታቸው አንድ ቀን «ዴልፊ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የምትለፊው?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «አርቪልን ወና ቤት ውስጥ ማስቀረት ነው የምፈልገው» ብለው መለሱላቸው።

አስቀሯቸውም። ጀማሪ ሁሉ ወደ ማክሰኞ ሄደ፤ የቅዳሜው ክብ አዲስ ሰው ስላልገባበት በሞትና በእርጅና አለቀ፤ መደብሩም ተዘጋ። አቶ አርቪል በተዘጋው መደብር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለጎረቤት ውሾች ሲጫወቱ ያላየ የለም።

በመጨረሻም አንድ ማክሰኞ ቫዮሊናቸውን ይዘው በአዳራሹ በር ገቡ። ወይዘሮ ዴልፊያ ተነሥተው፣ «አቶ አርቪል፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ከዚህ ይቀመጡ» አሏቸው፤ በደረቅ ፖም ከተነባበረው ኬክም ዳጎስ ያለውን ቆርሰው ሰጧቸው። ጨዋታው ተጀመረና ተራው ዞሮ አጠገባቸው ደረሰ። አቶ አርቪል ቫዮሊናቸውን አገጫቸው ሥር አስገብተው ቀስታቸውን አነሡ። የወይዘሮ ዴልፊያ አገጭ ግን እርሳቸውን አልፎ ቀጥለው የተቀመጡትን ጠቆመ። በሁለተኛውም ዜማ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። ቀጥሎ ባለው ማክሰኞም፣ ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ነበር። ኬኩ ግን አንድም ቀን ቀርቶባቸው አያውቅም።

አቶ አርቪል በሸለቆው ሌላ ክብ ስላልነበረ መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ ሰውን ሲያጅቡ እያመሹ ይመለሱ ነበር። ማንዶሊን ተጫዋቹ አቶ ሆይት፣ «አርቪል፣ ያንን ቀስት ለእኔ ስጠኝና ዓሣ ላጥምድበት፤ ቢያንስ አንድ ነገር ይያዝበት!» ሲሏቸው አዳራሹ ይስቅ ነበር። ወይዘሮ ዴልፊያ ሳቁን አይከለክሉም ነበር። ልጃቸው ዜላ አንጀቷ አልችል ብሏት፣ «እማዬ፣ ኧረ ተይው፤ ሰውየው አርጅቷል እኮ» ብትላቸው፣ «አዎ፣ አርጅቷል። ኤስቲል ግን አላረጀም» አሏት። ዜላም ዳግመኛ አላነሣችውም።

ባለፈው ክረምት በጉበት ካንሰር ታመው አልጋ ሲይዙ፣ የማክሰኞው ክብ ወደ ቤታቸው መጥቶ በአልጋቸው ዙሪያ ተቀመጠ። ከትራስ ላይ ሆነው በአገጫቸው እየጠቆሙ ለሁሉም ተራቸውን ሰጡ፤ አቶ አርቪልን እንደ ልማዳቸው አለፏቸው። ዜማው ሲያበቃ አቶ አርቪል ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ወይዘሮ ዴልፊያ፣ በልጁ ላይ አጥፍቻለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ አፌ ቀደመኝ። ይኸው በሰው ፊት እናገራለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርስዎ እየሰሙኝ ልጫወት። ኧረ ለመሆኑ ተራዬ መቼ ነው?»

ወይዘሮ ዴልፊያ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ከኤስቲል ቀጥሎ ነዎት፣ አቶ አርቪል» አሏቸው።

አቶ አርቪል ተቀመጡ፤ የሚቀጥለውንም ዜማ አጀቡ። ወይዘሮ ዴልፊያ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ከእርሳቸው ቀድመው ባለቤታቸው አቶ በርል አርፈዋል። ከኋላቸው የማክሰኞውን ክብ መሪነት ከነሕጉ የተረከበችውን ልጃቸውን ዜላን፣ ልጃቸውን ዶርሲን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እጃቸውን ይዘው ያስተማሯቸውን የዚህ ሸለቆ ሰዎች፣ እንዲሁም ስማቸው ከዚህ ዝርዝር እንዳይቀር ወይዘሮ ዴልፊያ ራሳቸው ያዘዙላቸውን፣ ዛሬም ቫዮሊናቸውን ይዘው በመካከላችን የተገኙትን፣ ተራቸውን የሚጠብቁትን አቶ አርቪል ጌይሃርትን ትተዋል።

ይቅር ብለው ሞቱ እንዳይባል አደራ ብለዋልና አይባልም፤ እርሱን ከፈጣሪያቸው ጋር ይነጋገሩበት። እኛ ግን የምንለምነው ይህን ነው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከወንድማቸው አጠገብ ያሳርፍልን። ኤስቲልም ባንጆውን ይዞ፣ ማንም ሳያስቸኩለው፣ እስኪበቃው ድረስ ይጫወት። አሜን።