ገጹን ያላየችው

አቶ ኪዳነ ማርያም ከጅጋ ፍኖተ ሰላም የገቡት የማይነገር መልእክት ይዘው ነበር። ጎረቤታቸው እመት ወለተ ኢየሱስ፣ «ልጄን ካገኙት ሰላም በሉልኝ፤ ዓይኔ መድከሙን ግን እንዳይነግሩት፣ ከመንገዱ ይስተጓጎላል» ብላ በሚካኤል አስምላቸዋለች።

ልጁን ያገኙት በወዳጃቸው በኑርሁሴን ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ ነው። አገር ላገር እየዞረ፣ «ራስን ፍለጋ» እያለ በብሎጉ የሚጽፍ ወጣት ነው። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ የቡሬው ሚኒባስ እስኪሞላ ይጠብቃል። ሲያያቸው ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመና እናቱ እንዴት እንደሆነች ጠየቀ። ደህና ናት አሉት፤ መሐላ መሐላ ነው። ከዚያ ጀርባቸውን ለወጣቱ ሰጥተው ኑርሁሴን አጠገብ ተቀመጡ። ለልጁ እንዳይነግሩት ማሉ እንጂ፣ ለኑርሁሴን እንዳይነግሩት ማን አስማላቸው?

መጀመሪያ ስለ በርበሬው አነሡ፤ ዛላው ሳይደርቅ ዝናብ እንዳያገኘው እንደሰጉ። ባጃጁ የጋሪውን ፈረስ መፈናፈኛ እንዳሳጣውም አወሩ። ቀጥለው ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ።

«እንዴው ኑርሁሴን ወንድሜ፣ የዘመኑ ሰው እንዴት ታድሏል... አንድ የማውቀው ልጅ አለ። አንተ አታውቀውም፣ የሩቅ ነው። አገር የሚዞረው ራሱን ሊፈልግ ነው አሉኝ። እኔማ ደንግጬ፣ የት ጥሎት ነው አልኩ። ጎንደር ፈለገ፣ የለም። ሐረር ፈለገ፣ የለም። የጠፋ ነገር መጀመሪያ የሚፈለገው ቤት ውስጥ አልነበረም ወይ?... ተወው፣ የተማረ ያውቃል።»

ኑርሁሴን ነገሩ ገብቶት፣ የታጠፈውን አቡጀዲ ዘርግቶ እንደገና ማጠፍ ጀመረ። ሽማግሌው ግን አላቆሙም።

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እያልን ስንስቅበት ኖርን። አሁን ሳስበው ዓባይን አምተነዋል። እሱስ ግንዱን ይዞ ነው የዞረ...

«ትናንትና ደግሞ የተሳፈረበት አውቶቡስ ጅጋ ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ሰው ሁሉ ወርዶ ውኃ ሲገዛ እሱ እንቅልፍ ወስዶታል። ይተኛ እንጂ፤ ራስን መፈለግ ያደክማል።»

ከኋላቸው አግዳሚው ሲጢጥ አለ። አቶ ኪዳነ ማርያም ልባቸው ፈራ፤ አበዛሁት ይሆን ብለው ሰጉ። መሐላውን በልቼ ይሆን እያሉም ቃላቸውን መለስ ብለው መረመሩ። የልጁን ስም አልጠሩም፣ የእናቱንም አልጠሩም። ቀጠሉ።

«ስለ እናቱ እንዴት አሳምሮ ጽፏል መሰለህ። የልጄ ልጅ ሜላት ስታነብልኝ አለቀስኩ። ከቀሚሷ ጥልፍ ጀምሮ አንድ አልቀረውም። ሄጄ ላጫውታት አሰብኩና... ምን ያደርግላታል? እሷ ዘንድሮ እኔን እንኳ የምትለየኝ በሳሌ ነው።

«ገጹን አሥር ሺህ ሰው ያየዋል አሉ። አሥር ሺህ፣ ኑርሁሴን። ገጹን ያላየች አንዲት ሴት ብትኖር፣ ከአሥር ሺህ አንድ ቢጎድል ምን ይለዋል?... ልጁስ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ዓይን ነው ቀጠሮ የማያውቀው።»

የሚኒባሱ ረዳት፣ ቡሬ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እያለ ተጣራ። ወጣቱ ስልኩን ነቅሎ፣ ቦርሳውን አንግቶ ተነሣ። ወደ መኪናው አልሄደም፤ ተመልሶም አልተቀመጠም። ሽማግሌው ዞረው አላዩትም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እኔ መቼም ሰው መርገም አልችልበትም፤ የምመርቀው ከልቤ ነው። መንገዱን ያቅናለት። እግሩን እንቅፋት አይንካው። ወልዶ ለመሳም ያብቃው... የሚወልደውም ልጅ በመልኩም በጠባዩም፣ በእግሩም ጭምር፣ ቁርጥ እሱን ይሁንለት። አሜን በል እንጂ፣ ኑርሁሴን።»