የዱርሲቱ ቦርሳ ሳይከፈት አይሰፋም

በ2008 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ነው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ በኋላም መንገዱ ገና አልረጋም ነበር። እኔ አዲስ አበባ እያስተማርኩ ሰበታ የምኖር ተከራይ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዓለም ገና ላይ ቆመ። ሾፌሩ ከፊት ድንጋይ ተደርድሯል አለና አራግፎን ዞረ። ደንበኛ ጠብ ልጣላው አፌን ስከፍት መኪናው ከዓይኔ ተሰውሮ ነበር። ምን አማራጭ አለኝ፣ በእግሬ ተያያዝኩት።

የጅማ መንገድ ባዶ ሲሆን ያስፈራል። ባጃጅ የለም፣ «ሰበታ፣ ሰበታ» የሚል ረዳት የለም። ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ ሰው የለም ማለት ግን አይደለም። ከየመዝጊያው ጀርባ ቆሞ የሚያየኝ እንዳለ ይሰማኛል። አንድ ቤት አጠገብ ስደርስ ውስጥ ያለቅስ የነበረ ሕፃን ድምፁ ድንገት ተቋረጠ፤ አፉን በእጅ ሳይዙት አልቀሩም። አስፋልቱ መሀል ውሻ ተኝቷል። እኔን አይቶ አልተነሳም፤ መኪና እንደማይመጣ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር።

ሰበታ መግቢያ ላይ በሩን ገርበብ ያደረገ አንድ ቤት ብቻ አገኘሁ። የጎረቤቴ የትንሳኤ ነው። ትንሳኤ ኮሌጅ ገብታ የቆዳ ሥራ የተማረች፣ ፋብሪካም ሠርታ የወጣች ልጅ ናት። አሁን በራሷ ቤት የእጅ ቦርሳ ታጸዳለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ማንጠልጠያ ታሳጥራለች፣ ታስረዝማለች። ሰፈሩ «ተምራ ተምራ ሊስትሮ ሆነች» እያለ ያማታል። እሷ ግን ሐሜቱን እየሰማች የሐሜተኞቹን ቦርሳ ትሰፋለች። በእጇ ጠራችኝ፤ እስኪረጋጋ እዚህ ተቀመጥ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳንቆይ ኦቦ ባይሳ ገቡ። ኦቦ ባይሳ ከከተማው ጀርባ የሚያርሱ፣ የአካባቢው ነባር ሰው ናቸው። ልጃቸው ዱርሲቱ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከሥራ ስትመለስ ግርግር መሀል ገብታ፣ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ጥይት ሞታለች። እኔም ለቅሶ ደርሻለሁ። ሽማግሌው በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ አያያዛቸው ግን ደግ አልነበረም። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከአካላቸው አርቀው ነው የያዙት።

«አካም ጅርቱ» ተባባልን። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ኢንታላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይህ የዱርሲቱ ቦርሳ ነው። አፉን ስፊልኝ።»

ትንሳኤ ዚፑ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ዚፑ ደህና ነው አሉ። እንግዲያው ምኑ ነው የሚሰፋው አለች።

«አፉ ነው ያልኩሽ። ከዳር እስከ ዳር፣ በወፍራም ክር፣ ዳግመኛ እንዳይከፈት።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን ዘረዘሩት። ዱርሲቱ ከተቀበረች ወዲህ ቦርሳው መኝታ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እናቷ አደ ገለቴ ከቤት አይወጡም፤ ከቦርሳው ሥር አይጠፉም። ቀን ቀን ቅቤ ይቀቡታል፣ አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ይሸፍኑታል፣ ሲመሽ ይከፍቱና እጃቸውን ይከታሉ። «ሙቀት አለው» ይላሉ። «የሰው እጅ ነው የሚሞቀው።» ባል መጀመሪያ ሐዘን ነው ብለው ዝም አሉ። በኋላ ግን እሳቸውም ሰሙት። ቤቱ ጸጥ ሲል ቦርሳው ይተነፍሳል።

እኔ ሳቅ ልል አስቤ ነበር። የሽማግሌውን ፊት አይቼ ተውኩት።

ትንሳኤ አልሳቀችም፣ አልደነገጠችም። ሳልከፍት የሰፋሁት ቦርሳ የለም፣ ይህንንም ሳልከፍት አልሰፋም አለቻቸው። ኦቦ ባይሳ ተቆጡ። እሳቸው ቆዳን ከእሷ በፊት እንደሚያውቁ፣ የአባታቸው ኮርቻ ጠፍር በቅቤ እየታሸ ከሰውየው ዕድሜ በላይ እንደቆየ፣ ኮሌጅ የገባ ሁሉ ሽማግሌን እንዲህ ይላል ወይ ብለው ወረዱባት። አንገቷን ደፍታ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ይህን ወጣቶቻችን ቢማሩት ግማሹ ክርክራችን በተቃለለ ነበር።

«አባባ፣ ኮርቻው እውነት ነው» አለች። «እሱ ቆዳ ግን በእጅ የታሸ ነው፣ ቅቤውን ይጠጣዋል። ደግሞም ከፈረስ ጋር ሲወጣ ሲወርድ ፀሐይና ነፋስ ያገኛል። ይህ በፋብሪካ የለፋ፣ ላዩ ተቀብቶ ያለቀለት ቆዳ ነው። ቅቤውን አይጠጣም፤ ላዩ ላይ ቀርቶ ይሻግታል፣ ይሸታል። ከዚያ በፌስታል ሲታፈን ያልበዋል። እናንተ ያለበሳችሁት መስሏችሁ ነው እንጂ ያፈናችሁት።»

«ይታፈን። እኔስ ምን አልኩሽ? ስፊው ነው ያልኩት።»

«ተዘግቶ የሚቀመጥ ቆዳ ከውስጥ ነው የሚበላሸው።»

«ልጄ፣ የከፈትነው ነገር ምን አተረፈልን?» አሉ ኦቦ ባይሳ። አሁን ቁጣቸው ወርዶ ነበር፣ ይህ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ከበደኝ። «ካርታ ይዘው መጡ፣ በራችንን ከፈትን። መሬታችን ምን ሊሆን ነው ብለን አፋችንን ከፈትን። ዱርሲቱ ሥራዋ ከተማ ነው ብዬ በጠዋት አጥሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። አሁን ይዘጋ። ውስጡ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ እዚያው ይቅር።»

ውጭ ያ ጸጥታ እንዳለ ነው፤ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። እንዲያው ዓይናችን ቦርሳው ላይ ሳለ፣ የፌስታሉ ጎን ቀስ ብሎ ተነፋ፣ ቀስ ብሎም ረገበ።

አንባቢዬን አልዋሽም፤ ተነስቼ ቆሜያለሁ። ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ሆኖም በዚያች ደቂቃ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ነበር የማስበው። ኦቦ ባይሳ አማተቡ። «አያችሁ» አሉ፤ ውሸታም አለመሆናቸውን በማየታችን እንኳ ደስ አላላቸውም።

ትንሳኤ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እርስዎ እንደፈለጉ ልስፋው እንበል» አለች። «የሚተነፍስ ነገር እንዳለበት በዓይናችን አይተን እንዴት አፉን እንሰፋለን? መጥፎ ነገር ቢሆን፣ ከእናንተው ጋር ቤት ውስጥ ልትሰፉት ነው። ሌላ ነገር ቢሆን ደግሞ፣ ልታፍኑት ነው። የዱርሲቱ ነው ብለው ካመኑ ልጅዎ ላይ አይሰፉም። የዱርሲቱ አይደለም ካሉ የሷ ቦርሳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ክፈቺው፤ እኔ አላይም» አሉ።

ፌስታሉን ስትገፍፈው የተበላሸ ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። የፌስታሉ ግርጌ ተበጣጥሷል፤ የቦርሳውም አንድ ጥግ ተበልቶ ቀዳዳ ሆኗል። ዚፑን ሳበችው። አንድ ግራጫ ነገር በክንዷ ላይ ዘሎ ወረደና በበሩ ሥር ወጣ። ትንሳኤ አልጮኸችም፤ የጮህኩት እኔ ነኝ። ወደ ውስጥ አየች፣ ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራችን።

ገበሩ ተቦጭቆ ጎጆ ሆኗል። መሀሉ ላይ ጠጉር ያላወጡ፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ፣ ሮዝ መልክ ያላቸው የአይጥ ግልገሎች ተደራርበው ይተነፍሳሉ። ዙሪያቸውን ደግሞ የደረቀ እንጀራ አለ፤ ፍርፋሪ አይደለም፣ ወጥ የነካው፣ በእጅ የተጠቀለለ ጉርሻ ነው።

ኦቦ ባይሳ ሳያስቡት ዞረው አዩ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ደብቀውን የነበረውን ነገር ተናገሩ። ማታ ማታ ራት ሲቀርብ አደ ገለቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለቦርሳው ነበር የሚሰጡት። ራሳቸው ግን ከቀን ወደ ቀን ምግብ እየተው፣ አሁን ልብሳቸው ከትከሻቸው ይወድቃል። ሰውየው ቦርሳውን ለማሰፋት የመጡት ፈርተው ብቻ አልነበረም። ሚስታቸው ከቦርሳው ሥር ሊሞቱባቸው ነበር።

ትንሳኤ ግልገሎቹን ከነጎጆአቸው አንስታ ካርቶን ክዳን ላይ አኖረች። እኔ እጄን ወደ ባዶው ቦርሳ ከተትኩ። ሞቆ ነበር። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጄን ቶሎ አወጣሁ።

አሁን ሌላ ክርክር ተነሳ። ኦቦ ባይሳ ለሚስቴ አንድ ቃል እንዳትነግሩ አሉ። ልጄ ናት ብላ ያጎረሰችው አይጥ መሆኑን ብትሰማ የቀራት አእምሮ ይሄዳል አሉ። ትንሳኤ ካልተነገራቸው ነገ የዱርሲቱን ጫማ፣ ከነገ ወዲያ ልብሷን ያጎርሳሉ አለች። እኔም በዚህ ከትንሳኤ ጋር ቆምኩ። ሽማግሌው እምቢ እንዳሉ፣ በሩ ላይ ጥላ አየን።

አደ ገለቴ ነበሩ። ከቀብሩ ወዲህ ከቤት ያልወጡ ሴት፣ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ምስማሩን ባዶ ቢያገኙት፣ ወንዶች የፈሩትን መንገድ ብቻቸውን ተሻግረው መጥተዋል። ነጠላቸው አቧራ ሆኗል። ማንንም ሰላም አላሉም፤ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። የተከፈተውን ቦርሳ አዩ፣ ካርቶን ክዳኑንም አዩ። ኦቦ ባይሳ ሊይዟቸው ተነሱ።

«አይጥ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ አደ ገለቴ።

ኦቦ ባይሳ የዘረጉትን እጅ መለሱ።

«ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። እጄን ነክሶኛል እኮ። ምን ላድርግ፣ የምሰጣትን የሚበላ ነገር ነበረ።»

ባልየው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔ ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ፣ ከመንገዱ ጸጥታም ከቦርሳውም ትንፋሽ ይልቅ፣ ይህ ቃል ነው እስካሁን የሚያስፈራኝ። ሰው አውቆ እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ትንሳኤ ወንበር ሰጥታቸው አጠገባቸው ተንበረከከች።

«እማማ» አለቻቸው፤ «ይህን ቦርሳ ዱርሲቱ ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ረጅም ስለሆነች ማንጠልጠያውን ያስረዘምኩላት እኔ ነኝ። ነጠብጣብ ካየችበት አታድርም ነበር፤ እንዴት እንደሚጠረግ ጠይቃኝ አሳይቻታለሁ። እርስዎ ግን እሷ የወደደችውን ቦርሳ አይደለም ያኖሩት፤ የሞተችበትን ቀን ነው። ቅቤውም ጉርሻውም ለዚያ ቀን ነው የሆነው። እስቲ እሷ እንደያዘችው አድርገን እንያዘው።»

አደ ገለቴ ቦርሳውን እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ «ሽታው ይለቃል?» ብለው ጠየቁ። ያ ጥያቄ እሺታ መሆኑን ሁላችንም አወቅን።

ሽታው ቀስ በቀስ ለቀቀ። ትንሳኤ የተበላሸውን ገበር ቀዳ አወጣች። ከኪሴ ባወጣሁላት ጠመኔ ዱቄት ቅቤውን አስመጠጠች፣ ሻጋታውን በውኃ በቀጠነ አቼቶ ጠረገች። ጋዜጣ ጠቅጥቃበት ፀሐይና እሳት በማይደርስበት ጥላ አደረቀችው። የተበላውን ጥግ በቁራጭ ቆዳ ጠጋግና አዲስ ገበር አለበሰችው። እስኪደርቅ አደ ገለቴ በየቀኑ ሊያዩት ይመጡ ነበር። ሊያዩት ሲመጡ ከቤት ወጡ፤ ሲወጡ ከሰው ተገናኙ፤ ትንሳኤ ምሳዋን ስታቀርብ እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው አብረው በሉ። ኦቦ ባይሳም ቤት ያለውን ፌስታል ሁሉ ሰብስበው አወጡ። እንዲያውም ለጎረቤት አስተማሪ ሆኑ፤ ቦርሳ በነጭ አቡጀዲ ይጠቀለላል፣ በማንጠልጠያው አይሰቀልም፣ ቅቤ አይነካውም፣ ምግብ አይቀመጥበትም እያሉ እኔን ጭምር አሰለቹኝ። ከዚያ ወዲህ ትንሳኤን ሊስትሮ ያለ ሰው አልሰማሁም። ዕቃ ሲያዝ እንዲህ ነው፤ በሥርዓት የተያዘ ቦርሳ ለባለቤቱ ወራሽ ይተርፋል፣ ቤቱንም ከተባይ ያድናል፣ የሞተውን ሰው ስምም በክፉ ሽታ አያስነሳም።

በመጨረሻ አደ ገለቴ ቦርሳውን ራሳቸው ሊይዙት ተስማሙ። ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉት ግን ጉልበታቸው ጋ ወርዶ ይማታል። ትንሳኤ ለካቻቸው፣ ምልክት አደረገች፣ ዘለበቱን ፈታ ማንጠልጠያውን ቆረጠችና መልሳ ሰፋችው። ቦርሳው ወገባቸው ላይ ልክ ተቀመጠ፣ አማረባቸው።

ትንሳኤ ቁራጩን ቆዳ ወደ ቅርጫቱ ልትጥል ስትል አደ ገለቴ እጇን ያዙ። ቁራጩን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አጋደሙትና ዳርና ዳሩን በጣታቸው ነኩት።

«ይህን ታህል ነበር የምትበልጠኝ» አሉ።