ጋሽ እንደሻው ያላሳተሙት

— ሄሎ... አቤት እትዬ ፋናዬ፣ ሮሐ ነኝ... ደህና ነኝ፣ ይመስገን... ቆይ አንዴ። ዑራኤል፣ ወንድሜ፣ በሩን ዝጋልኝ፣ ባጃጆቹ አላሰሙኝም... አዎ፣ አሁን ይሰማኛል።

ሮሐ ይህን ስልክ ስትሸሸው ሳምንት ሆኗታል። እትዬ ፋናዬ ከሮቤ የሚደውሉት ለአንድ ነገር ነው። የባለቤታቸው የጋሽ እንደሻው ሙት ዓመት ደርሷል፤ ያን ዕለት ለዘመድ አዝማዱ «ሥራውን ተማሪው ደግማ አረጋገጠችለት» ማለት ይፈልጋሉ። ጋሽ እንደሻው አሰላ ፊዚክስ ሲያስተምሩ፣ የሞገድን እኩልታ የተማረ ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የሞገዱን መንገድ እስከ መጨረሻው በትክክል እንደሚተነብይ ጽፈው አሳትመው ነበር። ሮሐ የመጨረሻ ተማሪያቸው ናት። ያንኑ ውጤት ደግሞ ለማግኘት ስድስት ወር ደክማለች።

— ጨርሻለሁ... አይ፣ አልመጣልኝም እትዬ። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት። ሞገዱ መንገድ ላይ ይጠፋል።

«ምናልባት አንቺ ተሳስተሽ ይሆናል» አሏት። ሮሐም ይህንኑ ስትመኝ ነበር የከረመችው። ባለፈው ሳምንት ግን የሟቹን ኮምፒውተር ከፍታ የሙከራ መዝገባቸውን አገኘች። አርባ ጊዜ ሞክረው ሠላሳ ዘጠኙ ከሽፎባቸዋል። ያሳተሙት የቀናቸውን አንዱን ብቻ ነው።

ይህንንም ነገረቻቸው።

— ምን አሉኝ?... ያውቅ ነበር ወይ ነው የሚሉኝ?

ሮሐ ዓይኗን ጨፈነች። «ቁጥሩ ያለውን ጻፊ፣ አንቺ የፈለግሽውን አይደለም» ብለው ያስተማሯት እኚሁ ሰው ናቸው።

— ያውቁ ነበር፣ እትዬ።

ሴትየዋ ስለ ባላቸው የመጨረሻ ክረምት አወሩ። ምግቡን እየገፋ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ ሲተኛ፣ እሳቸው ምን በድዬው ይሆን እያሉ ሲብሰለሰሉ ነበር የከረሙት።

— በእርስዎ ምክንያት አልነበረም... እዚያው ኮምፒውተራቸው ላይ ደብዳቤ ጀምረው ነበር፣ ጽሑፋቸውን ላሳተመው መጽሔት... አንድ መስመር ናት። ላንብብልዎት?... «ያሳተምኩት ውጤት ከአርባ ሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ የወጣ መሆኑን»... እዚህ ላይ ነው ያቆሙት።

ሲያለቅሱ ሰማቻቸው።

— ሄሎ? ይሰሙኛል?... እኔ ልጨርሰው ነው የሚሉኝ?... ስማቸው በክፉ ይነሳል እኮ እትዬ፣ ሰው ያወራል... እሺ። ዛሬውኑ እልከዋለሁ... ከታች ማን ብዬ ልፈርም?... «ባለቤቱ ፋናዬ»... እሺ። እንዳሉኝ እጽፈዋለሁ።

ስልኩ ተዘጋ። ሮሐ ያኔ ነው ያለቀሰችው።