ሐይቅ ላይ «ወራጅ አለ!»

እኔና ባለቤቴ ብዙነሽ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ሐዋሳ እንወርዳለን። ሦስት ቀን ሐይቁ ላይ በጀልባ ስንንሸራሸር ቆይተን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ መካኒሳችን እንመለሳለን። ዘንድሮ ታዲያ በመጨረሻው ቀን ተኳረፍን። እሷ «አንድ ቀን እንጨምር» ስትል፣ እኔ «ነገ ሥራ አለብኝ» ብዬ ድርቅ አልኩ። ጀልባዋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች፤ ከቁርስ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ነፋሱ ደስ ሲል ጊዜ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ድንገት ብንን ስል ሰፈሬ ያለፈኝ መስሎኝ፣ በየቀኑ ታክሲ ውስጥ እንደማደርገው ቦርሳዬን አንስቼ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። እመኑኝ፣ ዙሪያው ውሃ ብቻ ነው! ጀልባ ነጂው ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ሁሉ አፍጥጦ ሲያየኝ፣ ብዙነሽ ዞር እንኳ ሳትል «ቁጭ በል አንተ፣ መካኒሳ አልደረስንም፤ ገና ሳር ቤት ነን!» ብላ እርፍ! ጀልባዋ በሳቅ ተናወጠች። እሷም ሳቋ ሲያመልጣት ዞራ ትከሻዬ ላይ ድፍት አለች።

አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገብተን የጀሞ ታክሲ ያዝን። መካኒሳ አቦ ጋ ስንደርስ ወራጅ ልል አፌን ስከፍት፣ ብዙነሽ በመዳፏ ከደነችው። ሰፈራችንን በመስኮት እያየናት አለፍናት። ጀሞ ላይ ሰው ሁሉ ሲወርድ ሾፌሩ ዞሮ «እናንተ አትወርዱም እንዴ?» አለን። አሁን የቀደምኳት እኔ ነኝ።

«እኛ አንድ ዙር እንጨምራለን!»