ቀዩ መብራት በርቶ ነበር

(ከሲሚንቶ ፋብሪካው ድንጋይ ካባ አጠገብ ባለች የሬዲዮ መጠገኛ ክፍል፣ ከምሳ በኋላ፤ የሎደር ሹፌሩ መኳንንት የመኪናውን የሬዲዮ ፊት ነቅሎ አምጥቶ፣ በካባው አደጋ የሞተው የፈለቀ ሚስት ወንድም በሆነው በጠጋኙ በይርዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧል።)

ይርዳው፦ አንሳው አልኩህ። ጠረጴዛዬ ላይ አታኑርብኝ።

መኳንንት፦ ክፈተውና አነሳዋለሁ።

ይርዳው፦ ምን ልታይበት? የአደጋው አጣሪዎች አይተውታል።

መኳንንት፦ አጣሪዎቹ መጡ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ቀዩ መብራት በራ፣ “ይሠራል” ብለው ሄዱ። አንድ ቃል የተናገረበት የለም።

ይርዳው፦ ከሠራ ሠራ ነው። ምን ትፈልጋለህ?

መኳንንት፦ ጮኼ ነበር፣ ይርዳው። መርሻ ድማሚቱን ሊተኩስ ሲል “ነጻ ነው ወይ?” ብሎ በሬዲዮ ሲጠይቀኝ “አትተኩስ፣ ፈለቀ ከሥር አለ” ብዬ ጮኼያለሁ።

ይርዳው፦ ጋሽ መርሻ ድማሚቱን የተኮሰው አንተ ማይኩን ጠቅ ስላደረግክለት ነው። አንዴ፣ ያለ ቃል። በእናቱ አጥንት ምሎ ነው የተናገረው። እዚህ ካባ ውስጥ ደግሞ ባዶ ጠቅታ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

መኳንንት፦ “ነጻ ነው፣ ቀጥል” ማለት ነው። በዚህ የሞተር ጩኸት ማን ማንን ይሰማል ብለን እኛው ሹፌሮቹ ያመጣነው ነው። ያን ቀን ግን ጠቅ ብቻ አላደረግኩም፤ ተናግሬያለሁ።

ይርዳው፦ ታዲያ ቃልህን ማን በላው? ነፋስ?

መኳንንት፦ እሱን ነው ክፈትና እይልኝ የምልህ። ነገ አርባው ነው። እህትህ አስካለ ደጄን እንዳይረግጥ ብላ ልካብኛለች። እሷን ለፈለቀ ለምኜ የዳርኩት ሽማግሌ እኔ፣ በአርባው ቀን ከአጥር ውጪ ልቆም ነው?

ይርዳው፦ ሽማግሌነትህን ባታነሳብኝ ይሻላል። ያኔ “እንደ ዓይኔ አየዋለሁ” ብለህ ነበር።

መኳንንት፦ ብዬ ነበር።

ይርዳው፦ ካቻቢቴውን አቀብለኝ። ደስ እንዳይልህ፤ የምከፍተው አፍህን ለማስያዝ ነው።

መኳንንት፦ ድሮ ጋሼ ትለኝ ነበር።

ይርዳው፦ ድሮ ነው። ... ይኸው፣ ተከፈተ። እይ እንግዲህ። ይሄ ሬዲዮ አይምሰልህ፣ ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ሰውነቱ ከወንበርህ ኋላ ታስሯል፤ አየር ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። ይሄኛው ፊትህ ቁጭ ብሎ ያዘዝከውን ተቀብሎ በገመድ ወደ ኋላ ያስተላልፋል።

መኳንንት፦ ድምፄንስ?

ይርዳው፦ ድምፅህ ሌላ መንገድ አለው። ማይኩን ስትጫን ሁለት ነገር ነው የምትልከው። መጫንህን ይህቺ ጥቁር ቺፕ ታውቅና “ተጭኗል” ብላ በአንድ ሽቦ ለኋለኛው ትነግረዋለች። ንግግርህ ደግሞ በዚህች ማጉያ አልፎ በራሱ ሽቦ ይሄዳል።

መኳንንት፦ ቀዩስ መብራት?

ይርዳው፦ ቀዩ የሚበራው የኋለኛው “እሺ፣ አየር ላይ ነኝ” ብሎ ሲመልስ ነው። ምን እንዳልክ፣ ጭራሽ አንዳች ማለትህን እንኳ አያውቅም።

መኳንንት፦ ጠዋት ጠዋት የምንፈትሸው እኮ እሱን ነው። ተጫን፣ በራ፣ ደህና ነው፣ ውጣ።

ይርዳው፦ ድምፅም ይፈተሽ ብዬ ቢሮ ድረስ ሄጄ ነበር። “መብራቱ ይበቃል፣ ሥራ አታስተጓጉል” ነው ያሉኝ።

መኳንንት፦ እኔም መብራቱን አምኜ ነው የተቃጠልኩት። ቀዩን አየሁ፣ መርሻ ሰማኝ አልኩ፣ ማይኩን ሰቀልኩ። ባይበራ ኖሮ ወርጄ እሮጥ ነበር።

ይርዳው፦ ዝም በል እስቲ። ከመሞከሪያ ሬዲዮዬ ሰውነት ጋር አያይዤዋለሁ። ቻናሉ የዚህ ክፍል ነው፣ ካባው ውስጥ ማንም አይሰማንም። የእጅ ሬዲዮውን እኔ እይዛለሁ። ያን ቀን ያልከውን በል።

መኳንንት፦ እሱን አታስብለኝ። አንድ ሁለት ልበል።

ይርዳው፦ ያን ቀን ያልከውን።

መኳንንት፦ መርሻ፣ አትተኩስ። ፈለቀ ከሥር አለ። አትተኩስ።

ይርዳው፦ ቁልፉን ተጭነሃል?

መኳንንት፦ ምን ሰማህ? ቀዩ በርቷል፣ ይኸው።

ይርዳው፦ የእጅ ሬዲዮው ሽሽሽ ማለቱ ቆመ፣ ጸጥ አለ፣ ስትለቀው ጠቅ አለ። ሌላ ምንም።

መኳንንት፦ ጮኼ ነበር አላልኩህም?

ይርዳው፦ ቆይ። የማጉያዋን እግር በእንጨት ጫን ላድርጋት። ድገመው።

መኳንንት፦ መርሻ፣ አትተኩስ። ፈለቀ ከሥር —

ይርዳው፦ በቃ። ልቀቀው፣ በቃ።

መኳንንት፦ ድምፄ ወጣ። ከእጅህ ላይ ሰማሁት።

ይርዳው፦ ብየዳው ተሰንጥቋል። ሎደሩ ሲንቀጠቀጥ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል። እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጠቅታ ስለምትግባቡ ድምፅህ መጥፋቱን ማን ልብ ይበል።

መኳንንት፦ አሁን ወጣ። አሁን ምን ሊያደርግልኝ።

ይርዳው፦ ይቅር በለኝ፣ ጋሼ። ያለ ቃል ጠቅ አድርገህ አስገደልከው ብዬ በየቤቱ ስምህን ሳጠፋ ነው የከረምኩት።

መኳንንት፦ ቆይ። መርሻ ዘንድ የደረሰው ይሄው ጸጥታና ጠቅታ ነው?

ይርዳው፦ ይሄው ነው።

መኳንንት፦ ጠቅታ ደግሞ “ቀጥል” ነው።

ይርዳው፦ ተወው፣ ጋሼ። የፈለግከውን አግኝተሃል።

መኳንንት፦ ከእኔ ምንም ባይደርሰውስ? ደንቡ ምን ይላል?

ይርዳው፦ ተወው አልኩህ።

መኳንንት፦ ንገረኝ።

ይርዳው፦ አይተኩስም። ይጠብቃል። የገደሉ ግርጌ የሚታየው ካንተ ወንበር ብቻ ነው።

መኳንንት፦ እንግዲያ ማይኩን ባልነካው ኖሮ ፈለቀ የረሳውን ጃኬቱን አንሥቶ ይወጣ ነበር። “አትተኩስ” ያልኩት ነው ሄዶ ያስተኮሰው።

ይርዳው፦ አንተ ምን አጠፋህ?

መኳንንት፦ ጥፋቴን መች ጠየቅኩህ። የሆነውን ነው የምልህ።

ይርዳው፦ ስማኝ። ለአጣሪዎቹ ብየዳውን እኔው ወስጄ አሳያቸዋለሁ። አንተ ነገ ና፣ በሩን ራሴ እከፍትልሃለሁ። “ጮኼ ነበር፣ ሬዲዮው ድምፄን በላው” በላት። እሱ እውነት ነው። ሌላው፣ የጠቅታው ነገር፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቅር።

መኳንንት፦ ሌላውን ከሰው ብትሰማስ?

ይርዳው፦ ትስማ። ካንተ አፍ ከሰማችው ግን ዳግመኛ ዓይንህን አታይም። እህቴን አውቃታለሁ።

መኳንንት፦ እኔም አውቃታለሁ፤ ለምኜ የዳርኳት እኔ ነኝ።

ይርዳው፦ ታዲያ ግማሹ አይበቃም?

መኳንንት፦ ግማሹ ብቻ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ነገ ሙሉውን ይዤ እመጣለሁ፤ በሩን ከከፈትክልኝ ያንን እንድነግራት ክፈትልኝ።