ጋሽ ደቂቃ እና የግድግዳው ሒሳብ

ጋሽ ደቂቃ እዚህ ወርክሾፕ ግቢ መጀመሪያ የገቡ ዕለት ዘበኛችን ሬዲዮኑን ደበቀ፣ የመጋዘኑ ሰው በሩን ቆልፎ በጓሮ ወጣ፣ በያጁ ደግሞ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንት አጠለቀ። ምን እናድርግ? ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ የቆዳ ቦርሳ፣ በእጃቸው ደግሞ የሩጫ ሰዓት። ከላይ የተላኩ ተቆጣጣሪ መሰሉን። ዘበኛው "ማን ልበል?" ቢላቸው "የግምት ባለሙያ ነኝ" አሉት። እሱም እየሮጠ መጥቶ "አንድ የሚገምት ሰው መጥቷል፤ ምን እንደሚገምት ግን አልነገረኝም" አለን።

በቀጥታ መጥተው ብረት ከምቀርጽበት ማሽን፣ ከእኔ ቶርኖ ኋላ ቆሙ። ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እጄ ይፈጥናል፣ አፌም እንደዚያው። ሥራዬን ወደው የቆሙ መሰለኝ፣ እኔ ሞኙ። ቡሽ የምንላትን፣ ዘንግ ውስጧ የሚሽከረከርባትን ቀለበት እየሠራሁ ነበር። ሌላ ቀን ግማሽ ሰዓት የምትፈጅብኝን ቡሽ፣ እንግዳ እያየኝ ነው ብዬ፣ እያፏጨሁ፣ ላቤን ሳልጠርግ በአስራ ስምንት ደቂቃ ጨርሼ "እንኩ" አልኳቸው። ሰዓታቸውን ቀጭ አደረጉና "ጎበዝ" አሉኝ። ጻፉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚህ ወርክሾፕ የቡሽ ጊዜ አስራ ስምንት ደቂቃ ሆነ። ለእኔ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ለሁሉም ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።

"ጋሽ ደቂቃ" የሚለውን ስም ያወጣሁላቸውም በዚያ ዓመት ነው። የሚያወራኝ ሰው ስላልነበረ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ።

ይህን የሽኝት ንግግር ሥራ አስኪያጃችን ሊያደርገው ነበር፤ ለምኜ ነው የወሰድኩት። ለጋሽ ደቂቃ ሳልነግራቸው በዚህ በር እንዳይወጡ የምፈራው አንድ ነገር አለ። ለአንድ ትልቅ ነገር ላመሰግናቸው ነው። ችግሩ እሳቸው ምስጋና ሲመጣ የሚያመልጡ ሰው መሆናቸው ነው። "ጋሼ፣ አመሰግናለሁ" ስትላቸው ሰዓታቸውን አይተው "ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" ብለው ይሄዳሉ። ለዚህ ነው ዛሬ በቀኛቸው ባለቤታቸውን፣ በግራቸው በያጁን አድርገን መሀል ያስቀመጥናቸው። እትዬ፣ ኮታቸውን ያዝ ያድርጉልኝ። ምስጋናው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የሃያ አራት ዓመቱን ልተርባቸው።

ሥራችንን ለማታውቁ ቤተሰቦችና እንግዶች አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ደንበኛ የተሰበረ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል። ማሽን ሳይነካ በፊት አንድ ሰው "ይህን ያህል ብረት ይበላል፣ ይህን ያህል ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋጋው ይህ ነው" ማለት አለበት። አብዝቶ ከገመተ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ወርክሾፕ ይሄዳል። አሳንሶ ከገመተ ሁላችንም በነፃ እንለፋለን። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንጀራችን በእኚህ ሰውዬ አፍ ላይ ነበር ማለት ነው። አፋቸው ደግሞ ቁጥብ ነው።

አገማመታቸውን አይታችኋል። ብረቱን በመዳፋቸው ሁለቴ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፣ በጥፍራቸው ያንኳኩታል፣ ከዚያ "ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ" ይላሉ። በያጁ አንድ ቀን ሚዛን ላይ አውጥቶት ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ሃያ ሆነ። "ጋሼ፣ ሃያ ግራም ስተዋል" ቢላቸው "ያንተ እጅ የቀባው ግራሶ ነው፣ ጥረገው" አሉት። ጠርጎ መዘነው። ወንድሜ፣ ስንት ሆነ? እሺ፣ አትናገር።

ዋጋ ቀንሱልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ማየት ነው እንጂ። "ጋሼ፣ አንዲት ብሎን ናት እኮ፣ ትንሽ ቀነስ ያድርጉልኝ።" እሳቸው ወረቀቱን ወደ ሰውዬው ያዞሩና "ደስ ይለኛል፣ የቱን ልቀንስልህ? ማሰሪያ አራት ደቂቃ፣ መላጊያ ዘጠኝ፣ ክር ማውጫ ስድስት። ክሩን ልተወው? ያለ ክር ትወስዳታለህ?" ይላሉ። "ኧረ ያለ ክር ምን ትሠራልኛለች?" "እንግዲያው ግማሽ ክር ላድርግልህ።" ሰውዬው ሙሉውን ከፍሎ፣ እየሳቀ ይሄዳል።

ቤታቸውም ያው ነው አሉ። እትዬ እንዳወሩን፣ ድንች ሲልጡ ከኋላቸው ይቆሙና "ቢላዋው ደንዟል፣ አራት ደቂቃ በከንቱ እየሄደ ነው" ይሏቸዋል። እትዬም አንድ ቀን መሯቸው ቢላዋውንም ድንቹንም አስረከቧቸው። ጋሽ ደቂቃ ቢላዋውን ስለው፣ ሰዓቱን አስነስተው፣ "አስራ ሁለት ደቂቃ" ብለው ጀመሩ። ሃያ ስድስት ፈጀባቸው፣ በዚያ ላይ አውራ ጣታቸውን ቆረጡ። በማግስቱ ጣታቸውን ጠቅልለው መጥተው ምን ሆኑ ብንላቸው "የድንቹ ቅርጽ ከንድፍ ውጭ ነበር" አሉን።

ልብ በሉልኝ፤ "ተሳሳትኩ" አላሉም። የዚህ ሰው ጠባይ ይኸው ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ግድግዳውን ያፈረስን ዕለት እንኳ አላሉትም።

አዎ፣ ግድግዳው። ሒሳብ ክፍል ያለችው እህታችን መሳቅ ጀምራለች።

የወፍጮ ቤት ዘንግ ነበር፤ ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ጫፉ ላይ ክር የሚወጣለት። ጋሽ ደቂቃ ብረቱን እስከ ግራም፣ ጊዜውን እስከ ደቂቃ ገምተው፣ ቀን ቆርጠው ለደንበኛው ፈረሙ። እንዲህ ያለ ዘንግ ጫፉ እንዲሠራ፣ የቀረው አካሉ በቶርኖው ባዶ አንገት አልፎ ከማሽኑ ኋላ መውጣት አለበት። አሳለፍነው። ገፋነው። ገጭ አለ። ከቶርኖዬ ኋላ ያለው ቦታ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እህታችን ደመወዛችንን ትሠራለች። እሳቸው ሁሉንም ቆጥረው ግድግዳውን ብቻ ሳይቆጥሩ ቀርተዋል። ደንበኛው በነጋታው ሊመጣ ነው።

በያጁ መሮና መዶሻ ይዞ መጣ። እህታችን እንዳወራችን፣ ተቀምጣ ስትደምር ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ኖራው ረገፈ፣ ቀጥሎ ጡብ ወደቀ፣ ቀጥሎ ብረት ብቅ አለ። "ማነው?" ብትል በያጁ በቀዳዳው "ቤቶች፣ ዘንግ ነው" አላት። ጠረጴዛዋን ወደ በሩ ጎትተን፣ በዘንጉ ዙሪያ በርሜል ከልለን፣ በቀኑ አስረከብን። ጋሽ ደቂቃስ ምን አሉ? ቀዳዳውን በሜትራቸው ለኩና "ዘንጉ ልክ ነው፤ ቤቱ ነው ያጠረው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ግን በእያንዳንዱ ግምት ግርጌ አንድ መስመር ይጨምራሉ። ሌላው ሰው መጠባበቂያ የሚለውን እሳቸው "ግድግዳ፣ ከመቶ አምስት" ብለው ይጽፉታል። ስንቱ ደንበኛ "እኔ ግድግዳ አላዘዝኩም" ብሎ ተጣልቶናል። "ያልታየ ነገር ማለት ነው" ብለው በትዕግሥት ያስረዳሉ። ያገኙትን ሰው ሁሉ ቀዳዳውን ያሳዩታል። እህታችን ዛሬም ስማችንን የምትጠራው በዚያው ቀዳዳ በኩል ነው።

እንግዲህ ወደ ፈራሁት ነገር መጣሁ። እትዬ፣ ኮቱን።

ከሦስት ዓመት በፊት የቤቴን ጣራ ልጠግን ወጥቼ ከመሰላል ወደቅሁ። ቀኝ እጄ ከአንጓው ተሰበረ፤ ሐኪሞቹ በብረት ሳህን አሰሩት። ጋሽ ደቂቃ ሊጠይቁኝ ሐኪም ቤት መጡ። እንዴት ነህ አላሉኝም። ራጁን ከራስጌዬ አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙና "ሳህኗ ሁለት ሚሊ ናት፣ ብሎኖቹ ስድስት፣ ሥራው ንጹሕ ነው" ብለው ያመጡልኝን ብርቱካን አስቀምጠው ሄዱ።

አራት ወር ቆይቼ ተመለስኩ። እጄ ግን አልተመለሰም። ጣቶቼ ይደነዝዙብኛል፣ መለኪያው ካሊፐር ይወድቅብኛል። ሥራ አስኪያጃችን ያኔ አዲስ ነው፤ አይቀየመኝ፣ እሱም ግቢውን ሊያድን ነው። ደንብ አውጥቶ ነበር። የሥራ ካርዳችን ላይ ሁለት ሳጥን አለ፦ "የተገመተ" እና "የፈጀ"። የፈጀው ከተገመተው ሦስት ወር በተከታታይ የበለጠበት ሰው ይሰናበታል። ሁለቱ ወር እንዲሁ አልፎብኛል። ቤት ሦስት ልጆች አሉ፣ ትልቋ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ከቶርኖ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።

በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ጋሽ ደቂቃ ሰዓታቸውን ይዘው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ያችው ቡሽ ነች። አሁን የሚፏጭ የለም። ሁለቴ ቁልፉ አመለጠኝ። ስጨርስ ሰዓታቸውን ቀጭ አደረጉ፤ አርባ አንድ ደቂቃ። ጻፉና ሄዱ። ለባለቤቴ "አለቀልኝ" አልኳት። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው።

ሰኞ ካርዴ መጣ። "የተገመተ" በሚለው ሳጥን አርባ አንድ ይላል። ይዤ ሄድኩና "ጋሼ፣ እዚህ ላይ ስህተት አለ" አልኳቸው። ቀና ሳይሉ "ሥራህን ሥራ" አሉኝ። ደግሜ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ የሚያርሙት መስሎኝ ፈራሁ። በኋላ ሠላሳ ስምንት ሆነ፣ በኋላ ሠላሳ፤ እጄ በተሻለው ልክ ቁጥሩም እየወረደ መጣ። በአስራ አራተኛው ወር ሃያ አንድ ላይ ደረስኩ። ሃያ አንድ ብለው ጻፉልኝ፣ ዛሬም እዚያው ነኝ።

ይህን ብቻ ነበር የማውቀው። ባለፈው ወር ለዚህ ሽኝት ስንዘጋጅ ሥራ አስኪያጃችን የቀረውን ነገረኝ። እዚህ አለ፤ የዋሸሁ እንደሆነ ያርመኝ።

ጋሽ ደቂቃ ያኔ ቢሮው ገብተው "ደንበኛው የሚከፍለው የአስራ ስምንት ደቂቃ ነው፣ ካርዱ ላይ የምጽፈው አርባ አንድ ነው፣ ልዩነቱን ከግድግዳው እወስዳለሁ" አሉት። እሱም "ግድግዳ የተባለው እኮ ላልታየ ነገር ነው" አላቸው። "የእሱ እጅ እንደሚሰበር አንተ አይተህ ነበር?" አሉት። "እሺ፣ እስከ መቼ?" ቢላቸው "ስድስት ወር ገምቻለሁ" አሉ። በአፋቸው አምኖ ፈቀደ።

ስድስት ወሩ አለቀ፣ እጄ ገና ነው። ጋሽ ደቂቃ ቢሮው ተመለሱ። በሩ ላይ ቆመው "ተሳስቻለሁ። አንድ ወር ጨምርልኝ" አሉት። በወሩም መጡ፤ "ተሳስቻለሁ"። በሚቀጥለውም። ሃያ ግራም አልሳትኩም ብለው ከሚዛን ጋር የሚሟገቱት ሰውዬ፣ ግድግዳ አስፈርሰው "ቤቱ ነው ያጠረው" ያሉት ሰውዬ፣ በዕድሜ ልጃቸው በሚሆን አለቃ ፊት ስምንት ጊዜ ቆመው ስምንት ጊዜ ተሳስቻለሁ አሉ። ሥራ አስኪያጃችን "በመጨረሻዎቹ ወራት ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት እያፈርኩ፣ ገና በሩ ሲከፈት እሺ ጋሼ እላቸው ነበር" ብሎኛል። ለእኔ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምሳ ቤት ውስጥ አረማመዳቸውን እያስመሰልኩ ሰው አስቅ ነበር።

ጋሽ ደቂቃ፣ አይነሱ። ይቀመጡ። አንዴ ይስሙኝ።

ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ቤቴ አልፈረሰም። ጠዋት ተነስቼ ወደ ሥራ የምሄድ ሰው ሆኜ ቀርቻለሁ። ይህን ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት። በጣም ነው የምወድዎት፤ ይህን ለመናገር ሃያ አራት ዓመት መፍጀት አልነበረበትም።

እንግዲህ ብርጭቆ አንሱ። ጋሼ፣ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጥዎት። የልጅ ልጆችዎ ሲሮጡ ሰዓት አይያዙባቸው። ከወጥ ቤት ራቅ ይበሉ፤ ይህን እትዬ ናቸው በልልኝ ያሉኝ። መንገድ ሲያልፉ ጎራ ይበሉ፣ በሩን የሚዘጋብዎ የለም።

እኔ ብርጭቆዬን ያነሳሁት በቀኝ እጄ ነው። ስለተሳሳቱልኝ ስምንት ጊዜ፣ ጋሼ፣ እንኳን ተሳሳቱ። ለጤናዎ።